ሕክምናው ስድስት ሳምንት ነው፤ ስንቁም ለስድስት ሳምንት ይሁን

ከጊዳ አያና አንድ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ጀመዓው የመንገድ ብር አዋጥቶ፣ ዱዓ አድርጎ ይሸኘዋል። መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ሕክምናው በአንድ ጉዞ የሚያልቅ አይደለምና።

ካንሰሩ ከደረት ሳይወጣ፣ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ከማይችልበት ደረጃ ከደረሰ፣ ሐኪሞች አቅም ላለው ሕመምተኛ የሚመርጡት ኬሞቴራፒና ጨረርን በአንድ ወቅት መስጠት ነው። ጨረሩ ዕጢውን ባለበት ይመታል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የካንሰሩን ሕዋሳት በጨረሩ በቀላሉ እንዲጠቁ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ያጣመረ ትንተና እንዳሳየው፣ ሁለቱን ተራ በተራ ከወሰዱ 100 ሰዎች 11 ያህሉ፣ አንድ ላይ ከወሰዱት ደግሞ 15 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ልዩነቱ አራት ሰው፣ አራት ቤተሰብ ነው። ዋጋም አለው፤ የምግብ ቧንቧቸው ክፉኛ የቆሰለባቸው ከ100 ሰዎች ከ4 ወደ 18 ከፍ ብለዋል። ስለዚህም ሰውነቱ ለደከመ ሰው ሐኪሙ ተራ በተራ መስጠትን ሊመርጥ ይችላል።

ጨረሩ በአብዛኛው በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ያህል ይሰጣል። መሐል ላይ ማቋረጥ ጥቅሙን ይቀንሳል። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማም ቢጀምርም፣ ከጊዳ አያና ሁለቱም ደርሶ መልስ አይሆኑም። እንግዲህ ሰዳቃችን ከመኪና ኪራይ አልፎ ማደሪያን፣ ምግብንና አስታማሚን ይሸፍን እላለሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ክፍል ቢለቅ ከብዙ ብር ይበልጣል።

መዋጥ ሲያስቸግረው ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባ፣ የፈላ ወተትና በደንብ የበሰለ እንቁላል ይሰጠው፤ በርበሬና የሚያቃጥል ነገር ይቅርበት። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ማር የሐኪሙን መድኃኒት አይተካም፤ የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ረመዳን ቢገባም ለታመመ ሰው ማፍጠር የተፈቀደ ነውና ቤተሰብ አያስጨንቀው።

ከሁሉ በፊት ግን ቀድሞ መድረስ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ይመርመር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተወስዶ ካልተሻለ ወይም ደም ከቀላቀለ፣ ራጅ ተነስቶ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ይኬድ። አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን።