ብዕሩ የማን ነው? ወረቀቱስ?

ኮሚክ የሚባለው በሥዕል የሚተረክ ታሪክ የሕፃናት ጨዋታ ብቻ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ሕፃን ጀግንነትን በማን መልክ እያየ እንደሚያድግ የሚወስን የባህል መሣሪያ ነው።

በ1947 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኛው ኦሪን ኢቫንስ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች የሆኑበትን የኮሚክ መጽሔት አሳተመ። ሁለተኛው እትም ግን የጋዜጣ ወረቀት የሚሸጥለት በመጥፋቱ ሳይታተም ቀረ። በ1966 እ.ኤ.አ. አፍሪካዊው ጀግና ብላክ ፓንተር ብቅ ሲል ፈጣሪዎቹ ሁለት ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ። ጥቁሩ ተሣለ እንጂ አልሣለም!

በአገራችን ታሪክ ደግሞ ብስራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ባለታሪኩ ሥራ ፈላጊ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነው።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የባዕድ ምልክት የሚለጠፍበትን ልብስ የሚሰፋው የሐዋሳ ሠራተኛ ጉዳዩን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። የእጅ ሙያ ብቻውን የምርት ባለቤት አያደርግምና።

ከዚህ አኳያ የየሠፈሩ ማኅበራት ተግባር ግልጽ ነው፦ ለወጣት ሠዓሊዎቻችን ወረቀት እናዋጣ፤ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበትን አዳራሽ እንክፈት። ወረቀት የተነፈገ ብዕር ዝም ይላልና።