ከሎህ የሚነሣ ጽሕፈት



የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የጀመርነውም ከጅግጅጋ ነው። በከተማዋም ሆነ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ብዙ ልጆች ከብዕር ጋር የሚተዋወቁት በዱግሲ፣ ማለትም በቁርአን ቤት ነው። ቀለሙ የተፈጨ ከሰል በውሃ ወይም በወተት ተበጥብጦ፣ የዛፍ ሙጫ ተጨምሮበት ይዘጋጃል። ብዕሩ ጫፉ የተቀረጸ እንጨት ነው። ልጁ ሎሁን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳውን፣ ጭኑ ላይ አስደግፎ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። ብዕሩ ቀለም ከበዛበት ፊደሉ ይፈስሳል፤ ካነሰው መስመሩ ይቆራረጣል። የተጻፈው በቃል ሲያዝ ሎሁ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። እጅ ልኩን የሚያውቀው በዚህ ድግግሞሽ ነው።

የእጅ ጽሕፈት ሙያ በአካባቢው ሥር የሰደደ ነው። በሐረር ቁርአንን በእጅ የሚገለብጡና የሚደጉሱ ባለሙያዎች ለዘመናት ኖረዋል። ከድንበር ማዶ በቦረማ፣ ሼኽ አብዱረህማን ሼኽ ኑር እ.ኤ.አ. በ1933 ገደማ ለሶማሊኛ የራሱን ፊደል ቀርጸዋል። በሶማሊያ የላቲን ፊደል በይፋ የጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

የመቃ ብዕርና የጥላሸት ቀለም ለለመደው የቁም ጸሐፊም ይህ ሙያ ባዕድ አይደለም። ፊደሉ ቢለያይም ትዕግሥቱና ደስታው አንድ ነው። ስልክ ጽሑፍን አፍጥኖልናል፤ አንዲትን ፊደል አሳምሮ የመጨረስን እርካታ ግን አይሰጠንም። ይህ ደስታ ለልጆቻችንም ሊደርስ ይገባል ብለን እናምናለን። ስለዚህ እትሙን አንብባችሁ ስትጨርሱ ለምትወዱት ሰው አንድ ገጽ ደብዳቤ በእጃችሁ ጻፉ።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ