የቤተሰብ ታሪክና አሮጌ ጋዜጣ

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮኪት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በገበያዋ መካከል ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን «አያትህ የት ተወለዱ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ዓይነት አይሆንም። አንዱ ወሎ፣ ሌላው ጎጃም፣ ሦስተኛው ደጋው ጎንደር ይላችኋል። ጉሙዙ «እዚሁ ቆላ» ሲል፣ ከሱዳን ወዲህ የተሻገረ ዘመድ የሚቈጥርም አይታጣም። የሰሊጡና የጥጡ እርሻ፣ የድንበሩ ንግድ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው ሰፈራ ሕዝቡን ከየአቅጣጫው ሰብስቦታል።

ተማሪዎች ሆይ፣ አባቶቻችን ሰባት ቤት ድረስ ዘር መቍጠር ያውቁ እንደነበር ሰምታችኋል። ከመካከላችሁ እስከ አራተኛው አያት ሳይሳሳት የሚቈጥር ስንት ይሆን? ሰው ከተወለደበት ቀዬ ሲነቀል ዕቃውን ይሸከማል፤ ጎረቤቱን፣ የነፍስ አባቱን፣ የአያቱን መቃብር ግን ተሸክሞ አይሄድም። ታሪኩን የሚያስታውሱለት ምስክሮች በኋላው ይቀራሉ። ስለዚህ በኮኪትና በመሰሎቿ ከተሞች «የእኛ ቤት ታሪክ አልተጻፈም» ሲባል ይሰማል። እኔ ግን በዚህ አባባል አልስማማም። ብዙው ታሪካችን ያልተጻፈ ሳይሆን ያልተፈለገ ነው። ሳይፈለግ የቈየ ጽሑፍም ውሎ አድሮ እንዳልተጻፈ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ የየራሳቸው ጋዜጣ ነበራቸው። ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ተዳረ፣ ማን እንደ ሞተ በየሳምንቱ ይጽፉ ነበር። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ትሮቭ» በተባለው የኢንተርኔት መዝገቡ የየመንደሩን አሮጌ ጋዜጣ አሰባስቦ ማንም ሰው በነጻ እንዲያነበው አድርጓል። የእኛ አገር የጋዜጣ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ የጀመረው «አእምሮ» በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ያህል ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. ተጀመረ። «አዲስ ዘመን» ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ ይታተማል። እነዚህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጋዜጦች ናቸው። በባሕር ዳር የሚታተመው «በኵር» የጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የትንሽ ከተማን ዜና የምንፈልገው ከከተማይቱ ርቀው በታተሙ ጋዜጦች ገጾች ውስጥ ነው።

«ታዲያ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ስለ ቆላ ገበሬ ምን ሊል ይችላል? የሚጽፈው ስለ ሹማምንት አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። የፊተኛውን ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ከሹም ሽርና ከጉብኝት በቀር የሚያገኘው ጥቂት ነው። ነገር ግን የውስጡን ገጾች ግለጡ። አድራሻው ያልታወቀ ተከሳሽ በፍርድ ቤት የሚጠራበት ማስታወቂያ፣ የጠፋ ዘመድ ማፈላለጊያ፣ የኀዘን መግለጫ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የሎተሪ ባለ ዕድል፣ የአዲስ ትምህርት ቤት ምረቃ ሁሉ እዚያ ይገኛሉ። በፊተኛው ገጽ ስሙ የማይጠራ ሰው በውስጠኛው ገጽ ከአባቱ ስም ጋር ሊጠራ ይችላል። ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ከረጅሙ ርእሰ አንቀጽ ይልቅ ሦስት መስመር የማትሞላው ማስታወቂያ ትበልጥበታለች።

እርግጥ ነው፣ ፍለጋው ዘዴ ይጠይቃል። አንደኛው ችግር የቦታ ስም ነው። በ1940ዎቹ በታተመ ጋዜጣ ውስጥ «ምዕራብ ጎንደር ዞን» ብሎ የሚፈልግ ምንም አያገኝም፤ ዞኑ የተመሠረተው በ2010 ዓ.ም. ነውና። በዚያ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ በጌምድርና ሰሜን፣ አውራጃው ጭልጋ ይባል ነበር። ገንዳ ውኃም ሽኸዲ በሚል ስም ልትገኝ ትችላለች። በውጭ አገር ጋዜጦች ዘንድ ደግሞ ከመተማ ይልቅ ከድንበሩ ማዶ ያለው የገላባት ስም ይበዛል። ሱዳን ውስጥም ከሸንዲ ፊት ለፊት፣ በዐባይ ዳር፣ መተማ የምትባል ሌላ ከተማ አለች። ይህን ያልተረዳ ፈላጊ የሌላ አገር ሰው ታሪክ ይዞ «የአያቴ ነው» ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቈጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከአውሮፓውያን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ የሱዳን ጋዜጦች ደግሞ የሂጅራን ቀን ጨምረው ሊይዙ ይችላሉ። ሦስተኛው የሰው ስም ነው። በአገራችን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የተለመደ አይደለም። አንዱ ሰው በዓለም ስሙ፣ በክርስትና ስሙ ወይም በቅጽል ስሙ ሊጠራ ይችላል፤ ግራዝማች ወይም ባላምባራስ ከተባለ በኋላም ማዕረጉ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከፍለጋው በፊት ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ከነማዕረጉና ከነመንደሩ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል።

ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ማን ነው? ከጋዜጣው በፊት ሽማግሌው ነው። እንበልና አንዲት የኮኪት ተማሪ አያቷን «መቼ ተወለዱ?» ብላ ትጠይቃለች። አያትየው «ቀኑን አላውቀውም ልጄ፤ እናቴ እንደ ነገረችኝ ግን እንግሊዝ ገላባትን በመድፍ የደበደበ ዕለት ነው» ይላሉ። ይህ መልስ ላልተማረ ጆሮ ተረት ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን የወጡ ጋዜጦችን የሚያገላብጥ ሰው በጣልያኖች ተይዞ የነበረውን የገላባትን ምሽግ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው ጦር ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንዳጠቃ ያገኛል። የሽማግሌው ቃል ለጋዜጣው ቀን ነፍስ ሲሰጠው፣ የጋዜጣው ቀን ደግሞ የሽማግሌውን ዕድሜ አስታወቀ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነበር።

ጋዜጣ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በጣልያን ወረራ ዘመን የወጣው ጋዜጣ የወራሪውን ድል እንጂ የአርበኛውን ጀግንነት አያወራም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የወጡት ቢሆኑ የየመንግሥታቸውን ፈቃድ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ጋዜጣ የማይደርስበት ዘመንም አለ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ አልነበረም። ያነበቡትን ከሰሙት ጋር፣ የሰሙትንም ካነበቡት ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

የቈዩ ጋዜጦችን የት ታገኛላችሁ? ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አለ። ከኮኪት አዲስ አበባ ሩቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሁሉም ተማሪ መሄድ የለበትም። አንድ ክፍል ጥያቄዎቹን በአንድነት አሰናድቶ፣ ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ አስጽፎ፣ ወደዚያ ለሚሄድ መምህር ወይም እዚያ ለሚማር ታላቅ ወንድም ሊያደርስ ይችላል። የተገኘውም ሲገለበጥ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑ፣ ቍጥሩና ገጹ ይመዝገብ፤ ምንጩ ያልታወቀ ጽሑፍ ከወሬ አይሻልምና።

ጊዜ ይጠብቀናል ብላችሁ አትታለሉ። በአገራችን አሮጌ ጋዜጣ በርበሬና ስኳር ሲጠቀለልበት፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። ስንት የአያት ስም በዚህ ዓይነት ከቅመም ጋር ወደ ምድጃ ገብቶ ይሆን! ከድንበሩ ማዶ የሆነውንም ልብ በሉ። በሱዳን በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ አያሌ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል። ሰው ግን ወረቀቱን ሁሉ ይዞ አይሸሽም። ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኦምዱርማን የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት በእሳት ወድሟል። የድንበር ሰው ታሪክ በሁለት አገር ወረቀት የተጻፈ ነው፤ በአንደኛው አገር ሲቃጠል የሌላውም ግማሽ ታሪክ አብሮ ይነዳል።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል ታውቁታላችሁ። እኔ አንድ ቃል ልጨምርበት እወዳለሁ፤ በጽሑፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው ፈልጎ የሚያነብ ወራሽ ሲያገኝ ነው። ዛሬ ማታ ከቤታችሁ በዕድሜ የገፋውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የት እንደ ተወለደ፣ በዚያን ጊዜ ምን እንደ ሆነ፣ የአያቱ ስም ማን እንደ ነበር። መልሱን ከነቀኑ ጻፉት። ቤት ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ካለም ከመቀደዱ በፊት የውስጡን ገጽ አንብቡ።

ኮኪት የራሷ ጋዜጣ ከሌላት ደግሞ የትምህርት ቤታችሁ የግድግዳ ጋዜጣ ለከተማይቱ መዝገብ ሊሆንላት ይችላል። በላዩ የምትጽፉትን ስም ከነአባቱ፣ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉ፤ ሲነሣም አትጣሉት፤ አጣጥፋችሁ በቤተ መጻሕፍቱ አኑሩት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዲት ልጅ አያቷን ፍለጋ ያንን ወረቀት ስትገልጥ የምታገኘው ስም የአንዳችሁ ይሆናል።