ስክሪኑ የተለካው በየትኛው ብርሃን ነው?

ሐረር ውስጥ ስልክ የሚገዛ ሰው ለሻጩ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው፣ ሜሞሪው ስንት ጊጋ ይይዛል፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል። ስለ ስክሪኑ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስክሪን በዓይን የሚታይ ነገር በመሆኑ ሳይጠይቁ አይቶ መፍረድ የሚቻል ይመስላል። ፍርዱም የሚሰጠው በሱቁ ጥላ ውስጥ፣ አምራቹ ራሱ መርጦ በጫነው ደማቅ ሥዕል ላይ ነው። ገዥው ስልኩን ይዞ ወደ መኪና ግርግር ብቅ ሲል ያው ስክሪን መስታወት ሆኖ የገዛ ፊቱን ያሳየዋል። የብዙ ወራት ደመወዝ የወጣበት ዕቃ በመሆኑ፣ ይልቁንም ለብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ስልኩ መጽሐፋቸውም ቤተ መጻሕፍታቸውም እየሆነ በመምጣቱ፣ ጉዳዩን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በካርቶኑ ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች በአብዛኛው የስክሪኑን ጠባይ በጨለማ ክፍል የሚገልጹ ናቸው። ለሐረር ገዥ የሚጠቅመው ቁጥር ሌላ ነው፤ እርሱንም ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያሰላው ይችላል።

ለምሳሌ እንዲሆነን በመካከለኛ ዋጋ ከሚሸጡት አንዱን፣ በ2016 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15ን እንውሰድ። ስክሪኑ 6.5 ኢንች የሆነ፣ አሞሌድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በወርዱ 1,080፣ በቁመቱ 2,340 ፒክስሎች አሉት። ከፍተኛው ድምቀቱ 800 ኒት እንደሚደርስ አምራቹ ይገልጻል። ኒት የአንድን ገጽ ድምቀት የምንለካበት አሃድ ሲሆን በካሬ ሜትር አንድ ካንዴላ ማለት ነው። ይህ 800 ግን ስልኩ ብርቱ ፀሐይ ላይ ሲውል የሚደርስበት ጣሪያ እንጂ የዘወትር ድምቀቱ አይደለም። በዚህ ዓይነት ስክሪን ጥቁር ነገር ሲታይ ፒክስሉ ፈጽሞ ስለሚጠፋ፣ ኮንትራስት የሚባለው የነጩና የጥቁሩ ጥምርታ 1,000,000 ለ 1 እየተባለ ይጻፋል። ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ መብራት አጥፍቶ ለሚመለከት ሰው እውነት ነው።

አሁን ወደ ጁገል እንግባ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከጥቂት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማገባደጃ ፀሐይ በእኩለ ቀን በአናታችን ትክክል ትቆማለች፤ በጠራ ቀን መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃንም 100,000 ሉክስ ያልፋል። (የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልሁበት የሰሜን አውሮፓ ከተማ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም ነበር። ለዚያ ከተማ 400 ኒት ከበቂ በላይ ነው።) ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ፊት ለፊት የምትመታው፣ በኖራ የተቀባ ነጭ የጁገል ግድግዳ 60,000 ሉክስ ያህል ይቀበላል እንበል። ኖራ ካረፈበት ብርሃን 80 ከመቶ ያህሉን ይመልሳል። 60,000ን በ0.8 አባዝተን ለፓይ ብናካፍለው የግድግዳው ድምቀት 15,000 ኒት ገደማ ይሆናል።

ጀርባውን ለዚህ ግድግዳ ሰጥቶ ስልኩን የሚመለከት ሰው በስክሪኑ ላይ የግድግዳውን ነጸብራቅ ያያል። ፈረንሳዊው ፍሬኔል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስቀመጠው ቀመር መሠረት አንድ የመስታወት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 ከመቶ ያህሉን ይመልሳል። ከ15,000 ላይ 4 ከመቶው 600 ኒት ነው። ይህ 600 በነጩም በጥቁሩም ላይ እኩል ይደመራል። ስለዚህ ነጩ 1,400፣ ጥቁሩ ደግሞ 600 ኒት ይሆናሉ፤ አንድ ሚሊዮን የነበረው ጥምርታ ወደ 2.3 ወረደ ማለት ነው። ድምቀቱ 450 ኒት ብቻ በሆነ ስልክ ደግሞ 1.75 ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ ዓለም አቀፉ የድረ ገጾች ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጥምርታ 4.5 ለ 1 ነው።

ከስሌቱ የሚወጣው ውጤት ሻጮች የሚናገሩትን የሚያፈርስ ነው። ኮንትራስቱ አንድ ሚሊዮን የሆነ ኦሌድና ኮንትራስቱ አንድ ሺህ ብቻ የሆነ ኤልሲዲ እኩል ድምቀት ካላቸውና እኩል ካንጸባረቁ፣ በዚህ ግድግዳ ፊት በዓይን አይለዩም። በፀሐይ ላይ ዋጋ ያላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ስክሪኑ ምን ያህል ይደምቃል፣ ምን ያህልስ ያንጸባርቃል። የመጀመሪያው ለአንዳንድ ስልኮች ብቻ ይገለጻል። ሁለተኛው በካርቶን ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ከሩቅ የመጣ የምስል መሣሪያ በሐረር ጠባዩን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ካሜራ አስመጥቶ በሐረር ራሱን ፎቶግራፍ ባነሳ ጊዜ፣ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ሥዕሎቹ እንደ ነጡበት ለቤተሰቡ ጽፏል። የዛሬው ማንጫ ውኃው ሳይሆን ግድግዳው ነው።

ከግድግዳው ወደ ውስጥ ሲገባ ችግሩ ይገለበጣል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ በነደባው ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚደርሰው ብርሃን በአብዛኛው ከግቢው በበሩ የሚገባው ነው፤ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ከሺህ አንድ እጅ ላይደርስ ይችላል። እዚህ የሚፈለገው ስክሪኑ ደኅና አድርጎ መደብዘዙ ነው። ብዙዎቹ የኦሌድ ስክሪኖች የሚደበዝዙት በሰከንድ መቶዎች ጊዜ እየጠፉና እየበሩ ነው። መብለጭለጩ ለዓይን በግልጽ ባይታወቅም አንዳንድ ሰዎችን ራስ ያማል፣ ዓይን ያደክማል። መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ስክሪኑን ነጭ አድርጎ፣ ድምቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ እርሳስ በፊቱ ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ በቂ ነው። እርሳሱ እንደ ማራገቢያ ዘንግ ተነጣጥሎ ብዙ ሆኖ ከታየ ስክሪኑ ይብለጨለጫል፤ ለስላሳ ጥላ ብቻ ከሆነ ግን ደኅና ነው።

ስለ ፒክስል ብዛት የሚነገረው ነገር ደግሞ ፊደላችንን የሚመለከት ነው። ተማሪዎቻችን በስልክ የሚያነቡት በአብዛኛው በኤፎር ወረቀት ልክ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ነው። ወረቀቱ 210 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ የስልኩ ስክሪን ወርድ 70 ሚሊሜትር ያህል ነው። ገጹ በሙሉ ሲታይ ፊደሉ ወደ ሲሶ ይቀንሳል፤ 3 ሚሊሜትር የነበረው 1 ሚሊሜትር ይሆናል። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው የእግሩ ቀለበት ከፊደሉ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 0.2 ሚሊሜትር ነው እንበል። በኤ15 ላይ የአንዱ ፒክስል ወርድ 0.064 ሚሊሜትር ስለሆነ ቀለበቱ 3 ፒክስል ያገኛል፤ አንድ ለግራው ጠርዝ፣ አንድ ለቀዳዳው፣ አንድ ለቀኙ ጠርዝ። በርካሹ ኤ05 ግን ስክሪኑ 6.7 ኢንች ሆኖ ፒክስሎቹ 720 በ1,600 በመሆናቸው የአንዱ ወርድ 0.097 ሚሊሜትር ነው፤ ለቀለበቱ 2 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። በ2 ፒክስል ቀዳዳ ያለው ቀለበት መሥራት አይቻልም፤ ስለዚህ «ሌ»ው «ሊ» ይመስላል። የላቲን ፊደል አንባቢ ይህን ያህል አይቸገርም። ለእኛ አገር ገዥ እንግዲህ ፒክስል መቁጠር ከንቱ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የሚመጣው ስክሪኑ ሲሰበር ነው። ጥገና ቤቶች «ኦርጅናል» እና «ኮፒ» የሚሏቸው ሁለት ዋጋዎች አሏቸው። ከኮፒዎቹ መካከል የላይኛው መስታወት ከሥር ካለው ስክሪን ጋር ያልተጣበቀ፣ በመካከላቸው ቀጭን አየር የቀረባቸው ይገኛሉ። አየር ከገባ የሚያንጸባርቁት ገጾች ከአንድ ወደ ሦስት ያድጋሉ፤ 4 ከመቶ የነበረው ወደ 12 ከመቶ ይጠጋል። በዚያው ግድግዳ ፊት ነጸብራቁ 1,800 ኒት ይሆናል፤ ኮፒው 450 ኒት የሚደምቅ ከሆነ ጥምርታው 1.25 ብቻ ነው። ደንበኛው በጥላ ውስጥ አይቶ ተቀብሎ ይሄዳል። በጠርዙ ብቻ የሚጣበቅ ግላስም በመጠኑ እንዲሁ ያደርጋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ገንዘብ የሌለው ሰው ያገኘውን ይገዛል፣ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ይፈይድለታል?» ይሉኛል። አልስማማም። በእኩል ዋጋ ጎን ለጎን የተደረደሩ ስልኮች በድምቀት እጥፍ ሊበላለጡ ይችላሉ፤ ምርጫው ደግሞ ገንዘብ ለሌለው ሰው ይበልጥ ይጠቅማል፣ ሁለተኛ ዕድል የለውምና። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። በኒት የተገለጸ ድምቀትና በመቶኛ የተገለጸ ነጸብራቅ ከዚህ መረጃ ሊቆጠሩ ይገባል፤ የጥገና ቤት ደረሰኝም የተተካው ስክሪን ኤልሲዲ ይሁን ኦሌድ ቢገልጽ ማንንም አይጎዳም።

ይህ እስኪሆን ፋኩልቲያችን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። የኦፕቲክስ ተማሪዎች ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርገው ሉክስሜትሩን መሐሉ ላይ አስጠግተው ቢያነቡና ውጤቱን ለፓይ ቢያካፍሉ፣ ድምቀቱን በኒት በግምት ያገኛሉ። ሉክስሜትር በሌለበት በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፊፎክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሌላውን ስልክ የብርሃን ዳሳሽ ያነባል፤ ፍጹም ቁጥሩ ባይታመንም ሁለት ስልኮችን ለማወዳደር ይበቃል። ነጸብራቁን ደግሞ ስልኮቹን አጥፍቶ፣ ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ የአንዱን ነጭ ግድግዳ ምስል በሁለቱም ላይ በማየት መመዘን ይቻላል። ሸዋ በር ከሚገኙ ሱቆች አሥር ስልኮችን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለመዋስ ፈቃድ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ ሊወጣ ይችላል።