ሕመምተኛን ከስሶ ሐኪም ፍለጋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጎረቤት ሱቅ መስታወት በድንጋይ ሰብሮ ተያዘ። ድምፅ እየሰማ እንደሚታዘዝ እናቱ የሐኪም ካርዱን ይዘው ለመርማሪው ነገሩት። «እሱን ለዳኛው ይንገሩ፣ እማማ» አላቸው። በጊዜ ቀጠሮ ላይ ጊዜ ቀጠሮ እየተጨመረ ልጁ ያለ መድኃኒት ሦስት ሳምንት ጣቢያ ከረመ። በመጨረሻ ዳኛው ስሙን ሲጠይቁት መመለስ አቅቶት ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ሊረዳ ወይም ራሱን ሊገዛ ያልቻለ ሰው እንደማይቀጣ በአንቀጽ 48 ይደነግጋል። አንቀጽ 51 ጥርጣሬ ያደረበት ፍርድ ቤት የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል፤ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎችም ሕክምናን ይጠቅሳሉ። ግሩም! ነገር ግን ይህ ደጃፍ የሚከፈተው ነገሩ ችሎት ከደረሰ በኋላ ነው። ዳኛው ደግሞ ሰውየውን የሚያየው ለደቂቃዎች ነው፤ የሚጮኸው ያጠራጥረዋል፣ ዝም ያለው ሕመምተኛ ግን ማንንም አያጠራጥርም።

በአሜሪካ ሜምፊስ ፖሊሶች እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ተኩሰው ከገደሉ በኋላ፣ በ1988 እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ሕክምና የሚያደርሱ የሠለጠኑ ፖሊሶች ቡድን ተቋቋመ። በፍሎሪዳ ብራዋርድ ደግሞ በ1997 የአእምሮ ጤና ችሎት ተከፈተ። (አሜሪካን አላመልክም፤ የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ዘግታ እስር ቤቶቿን በሕመምተኛ የሞላች አገር ናት።)

«ታዲያ ሁሉም እብድ ነኝ ይላል» የሚለውን ክርክር ከተማሩ ሰዎች አፍ መስማት ያሳፍራል። ቤተሰብ የልጁን ሕመም ከጎረቤት በሚደብቅበት አገር እብድ መባልን በፈቃዱ የሚሸምት ማን ነው? ደግሞስ የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ተጠርጣሪው አይደለም።

«አማኑኤል ሆስፒታል ለአገሩ ሁሉ ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። አይበቃም። ሆኖም ስለ ነፍስ ግድያ እያወራሁ አይደለም። መስታወት የሰበረ፣ ዳቦ የነጠቀ፣ መንገድ ላይ የተሳደበ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የሆስፒታል አልጋ ሳይሆን ያልተቋረጠ መድኃኒትና በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የሚከታተለው ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በዚያው 48 ሰዓት ውስጥ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ነርስ ይየው። ዐቃቤ ሕግም ሕክምናውን እስከተከታተለ ድረስ ክሱን ያቆይ። የተጎዳውም ካሳውን በፍትሐ ብሔር ከመጠየቅ የሚያግደው የለም።

ባለሱቁ የመስታወቱን ዋጋ ከእናቱ የተቀበለው በሁለተኛው ቀን ነበር። ልጁ የተፈታው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው።