«ጀምበር»ን አጨበጨብንለት እንጂ አላነበብነውም

ስለ «ጀምበር» የተጻፈውን ሰብስባችሁ ደርድሩት። አብዛኛው የሚጀምረው «የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሱፐርሂሮ ኮሚክ» ብሎ ነው። ቀጥሎ ብስራት ደበበ እጣን ኮሚክስን እንዴት እንደመሠረተ ይተረካል፤ «ብላክ ፓንተር» መምጣቱ አይቀርም፤ ከዚያ ደራሲው ስለ ሕልሙ የተናገረው ይለጠፍና በቃ፣ አለቀ። መጽሐፉስ? ሥዕሉ እንዴት ነው? አማርኛው አማርኛ ነው ወይስ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይሸታል? ገጽ ስትገልጡ የሚቀጥለውን ለማየት ትቸኩላላችሁ ወይስ ታዛጋላችሁ? ይሄን የሚነግራችሁ ብዙ አታገኙም። የተጻፈው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ መጽሐፉ መውጣት ነው።

እኔ ይሄን ሂስ አልለውም። የእንኳን ደስ ያለህ ካርድ ነው። ካርድ ደግሞ ለልደት ጥሩ ነው፤ ለሥነ ጽሑፍ ግን መርዝ ነው።

«ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ ጊዜው ገጥሞለት ነበር። የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ወጥቶ ዓለም ሁሉ ስለ አፍሪካዊ ጀግና ያወራ ነበርና ዜናው ያንን ሞገድ ተሳፍሮ ሄደ። ግን ዋካንዳ የሌለ አገር ነው። አማኑኤል ጥላሁን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ልዕለ ሰብዓዊ ኃይል የሚመጣበት በዚያ መሃል ነው። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ሲቪ ተሸካሚ። ሁለቱን «አፍሪካዊ ሱፐርሂሮ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ መክተት ሽፋኑን አይቶ መመለስ ነው።

መቱ ላይ ይሄ ልዩነት ለማንም ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን የምንኖር ሰዎች ዋካንዳን አናውቅም፤ አማኑኤልን ግን በስም እንጠራዋለን። መቱ ዩኒቨርሲቲ ያስመርቃል፣ በደሌም ጎሬም ያሉ ቤተሰቦች በግ ያርዳሉ፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ ልጁ መናኸሪያው አካባቢ የሥራ ማስታወቂያ በስልክ ሲያገላብጥ ይውላል። በምህንድስና ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ የመጀመሪያውን እትም አንብቦ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኃይሉን ባያገኝስ ኖሮ ይሄ ልጅ ምን ይሆን ነበር?»

ስለ «ጀምበር» ከዚህ የተሻለ ሂስ አላየሁም። እስቲ አስቡት። ሥራ አጥነቱ የታሪኩ አጥንት ነው ወይስ ጀግናው ልብሱን እስኪቀይር የምንጠብቅበት ወንበር? ኃይሉ ለሥራ አጡ መልስ ነው ወይስ ከጥያቄው ማምለጫ? በዚህ ላይ ገጽ እየገለጡ መከራከር ይቻላል። የኔን አቋም ካልደበቅሁ፣ አማኑኤል ከጀምበር ይበልጥብኛል። መብረርንና ቡጢን ማንም አገር ይሥላል፤ አሥር ዓመት አሳልፎ «ልምድ የለህም» የሚባለውን ልጅ ፊት ግን ከኛ ሌላ ማን ይሥልልናል? ደራሲው በእጁ የያዘው ወርቅ ይሄ ነው። እኛ ግን በየዜናው ያሞገስነው ካባውን ነው።

ለምንድነው እንዲህ የሆነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ምቀኛ» እንዳንባል። የአገር ልጅ ለፍቶ አንድ ነገር ሲያወጣ «ሦስተኛው ገጽ ላይ ሥዕሉ ተጨናንቋል» ያለ ሰው ወዲያው «አንተ ምን ሠራህ?» ይባላል። «አበረታቱት እንጂ!» ይባላል። እሺ፣ እናበርታታው። ግን ማበረታታት ማለት አለማንበብ ሆኗል። ላይክ እናደርጋለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ «ኩራታችን» እንላለን፣ ሁለተኛው እትም ሲመጣ ማንም የመጀመሪያውን መጨረሻ አያስታውስም። ደራሲን እንደ ሕፃን ማባበል አክብሮት መስሎን ከሆነ፣ ንቀት ነው። የጎረቤት ልጅ የሣለውን እንጂ የአርቲስትን ሥራ እንዲህ አይተው አያልፉም።

ደግሞ የሚተች ነገር ጠፍቶ እኮ አይደለም! አማርኛውን ብቻ እንውሰድ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ ድሮ ጀምሮ ንግግሩን በትልልቅ ፊደል ብቻ ይጽፋል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ጩኸትና ሹክሹክታ በሌላ መንገድ፣ በፊደሉ መጠንና ውፍረት መለየት አለባቸው። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት አምስት ቃል ይሆናል። ንግግሩ የሚጻፍበት ነጭ ክብ ለአንዱ ቋንቋ ከተለካ ለሌላው ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ድምፁስ? አማርኛ እኮ ለኮሚክ የተፈጠረ ቋንቋ ነው! ቦግ አለ፣ ድርግም አለ፣ እልም አለ፣ ጭው አለ፣ ዷ አለ። የዓይንም የጆሮም ቃል በሽበሽ ነው። ስሙ ከፀሐይ የመጣ ጀግና «ቦግ» እና «ድርግም» ካልተጻፈለት ለማን ሊጻፍ ነው? እያንዳንዱን እትም በዚህ ዓይን አይቶ «እዚህ ጋ ተሳክቶላችኋል፣ እዚህ ጋ ቋንቋው ከሥዕሉ ጋር ተኳርፏል» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይሄ ምቀኝነት አይደለም፤ ሥራ ነው።

«የመጀመሪያው» የሚለው ቃልም ራሱ ይመርመር። ሱፐርሂሮ ተብሎ ከሆነ ይሁን። ታሪክን በሳጥን ከፋፍሎ፣ ከሥር ወይም ከላይ ጽሑፍ አድርጎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማስኬድ ግን ትናንት አልመጣብንም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚተርከውን ሥዕል ያላየ አለ? ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ነው፣ እየአንዳንዱ ሳጥን በአማርኛ ማብራሪያ። ሲጀምርም ሕዝብ በሚገብርለት ዘንዶ ይጀምርና አንድ ሰው በመርዝ ዘንዶውን ይገድለዋል። ጭራቅ አለ፣ ጀግና አለ፣ በሚቀጥለው ሳጥን ምን ይሆናል የሚያሰኝ ነገር አለ። «ጀምበር»ን ከ«ብላክ ፓንተር» ጋር ብቻ ያወዳደረ ሰው ይሄን ግድግዳ አላየም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ የድሮው ሠዓሊ አንድ ሳጥን ውስጥ ስንት ነገር እንደሚከት፣ የአሁኑ ለምን ብዙ ሳጥን እንደሚያስፈልገው የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ገንዘቤን አውጥቼ አነባለሁ።

«ሱፐርሂሮ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለኛ ምን ያደርጋል» የሚሉት ደግሞ ሌላው ጫፍ ናቸው፤ እነሱም አያነቡም። እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማንን ያወጡት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ክሊቭላንድ ያደጉ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ዘመኑ የሥራ አጥነት ዘመን ነው። መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው! በመጀመሪያዎቹ እትሞች ሱፐርማን የሚጣላው ከሰማይ ከመጣ ጭራቅ ጋር ሳይሆን ሚስቱን ከሚደበድብ ባልና ከሙሰኛ ፖለቲከኛ ጋር ነው። የአማኑኤል ዘመድ ዋካንዳ ሳይሆን እዚያ ነው ያለው።

የአሜሪካ ኮሚክ ያደገው በጭብጨባ እንዳይመስላችሁ። መጽሔቶቹ የአንባቢ ደብዳቤ ገጽ ነበራቸው። ከትንሽ ከተማ ያለ የ14 ዓመት ልጅ «በዚህ ገጽ ጓንቱ ቀይ ነበር፣ በሚቀጥለው ሰማያዊ ሆነ» ብሎ ይጽፋል፣ ደብዳቤው ይታተማል። ስታን ሊ በ1960ዎቹ ስሕተት ላገኘና ለስሕተቱ ብልህ ማብራሪያ ለሰጠ አንባቢ «ኖ-ፕራይዝ» የሚባል ሽልማት ይሰጥ ነበር፤ በኋላ በፖስታ መላክ ሲጀምር ፖስታው ባዶ ነው! ልጆቹ ግን ለባዶው ፖስታ ሲሉ እያንዳንዱን ሳጥን በአጉሊ መነጽር ያነብቡ ነበር። ከነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች መካከል ኋላ ራሳቸው ኮሚክ ደራሲ የሆኑ አሉ።

እኛስ? ቴሌግራም አለን፤ ፖስታም አያስፈልገንም። የጎደለን «ገጽ 7 ላይ ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?» የሚል አንባቢ ነው። ያ አንባቢ ደግሞ ቦሌ ብቻ መኖር የለበትም። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠባት ከተማ ናት፤ ስለ ጀግና ከጎሬ ልጅ የሚሰማ ነገር አይጠፋም።

እጣን ኮሚክስ ቀጥሎ «ሐዊ»ን በኪክስታርተር ገንዘብ አሰባስቦ ሲያወጣ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል እንደገና ተመዘዘ። ታሪኩ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ እናቷ ስለምትታፈንባት የዳያስፖራ ልጅ ነው። ስሙን ግን ኢሉባቦር ላይ ያለ አንባቢ ሥዕሉን ሳያይ ይሰማዋል፤ በአፋን ኦሮሞ ምኞት፣ ናፍቆት ማለት ነው፣ እዚህ ደግሞ ሐዊ የምትባል ልጅ የሌለችበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። እንግዲህ እዚህ ይጠየቅ፦ ስሙ ከነቋንቋው ነው የመጣው ወይስ ለጌጥ? ሐዊ የምትናፍቀው ምንድነው፣ ያደገችበትን አገር ወይስ ያላየችውን? አገሩ ላይ ስትደርስ የሚታየን ኤርፖርትና ሆቴል ነው ወይስ ሰው? የመቱዋ ሐዊ፣ ዶላር ካርድ የሌላት፣ በዚህች ስሟን በወሰደች ጀግና ውስጥ ራሷን ታገኛለች ወይስ ዘመድ ከአሜሪካ እንደመጣ ከበር ሆና ታያታለች? እነዚህን ለመጠየቅ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ብቻ ነው የሚፈለገው።