የጅብ ጥላ እና እኛ

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ነው። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወርደው ሰንብቶ አንድ ጠዋት ስንነሳ፣ በተከራየንበት ግቢ ሣር ላይ ነጫጭ እንጉዳዮች ቆባቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። ሽሮና ምስር ሲፈራረቁበት የከረመ ሆድ ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ለጾመኛ አይነገርም። በየሱፐርማርኬቱ ታሽጎ በውድ የሚሸጠው ነገር ደጃችን ድረስ በነጻ መጥቶልናል!

አከራያችን እማማ ግን ከበረንዳቸው ሆነው «የጅብ ጥላ ነው፤ እንዳትነኩት!» አሉን። እኛም፣ የተማርን ነንና፣ በልባችን ሳቅን።

መጥበሻው ከመጣዱ በፊት ምክር መሰብሰብ ጀመርን። አንዷ «ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅሉት፤ ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ይበላል» አለች። ሌላው በብር ማንኪያ ይሞከራል አለን። ሦስተኛው «ትል ከበላው ለሰውም ይሆናል» ሲል ፈረደ። ስልካችን ላይ የጫንነው ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ እንጉዳይ ከላይ ስናነሳው አንድ ስም፣ ከጎን ስናነሳው ሌላ ስም አወጣለት።

ማንበብ የጀመርነው ያኔ ነው፤ ያነበብነውም የምግብ ፍላጎታችንን ዘጋው። ነጭ ሽንኩርቱም ማንኪያውም ተረት ናቸው። ቀንድ አውጣ በሰላም የሚበላው እንጉዳይ ሰውን ይገድላል። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ቀንደኛ ገዳይ መርዙ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም። የሚያስፈራው ደግሞ አካሄዱ ነው። ከተበላ በኋላ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ዝም ይላል፤ ከዚያ ትውከቱና ተቅማጡ ይመጣል፤ ቀጥሎ በሽተኛው የተሻለው ይመስላል። በዚያ የእፎይታ ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን እየጨረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያ ሊዮንጋታ ከተማ ይኸው እንጉዳይ በሊጥ ተጠቅልሎ በተጋገረ ሥጋ ውስጥ ተጨምሮ የቀረበላቸው ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ምሳውን ያቀረበችው ሴትም በ2025 በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተብላለች። የምድጃው እሳት አላዳናቸውም።

ታዲያ ሙከራችንን አልተውንም፤ ከምላስ ወደ ወረቀት አዛወርነው እንጂ። ቆቡን ከግንዱ ቆርጠን ነጭ ወረቀት ላይ ደፋነው፤ ብርጭቆ ከድነንበት አደርን። ከቆቡ ሥር ካሉት ስስ ሽንሽኖች የሚረግፈው ብናኝ፣ ማለትም የእንጉዳዩ ዘር፣ በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ሥዕል ሠርቶ ይጠብቃል። መስክ ላይ የሚበቅለው አጋሪከስ ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ይሥላል፤ አማኒታ ነጭ። የእኛው አረንጓዴ ሣለ! በዚህ ቀለም የሚታወቀው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ ነው፤ ሣር ይወዳል፣ የሚበላውን ይመስላል፣ በላተኛውን ግን ሲያስመልሰው ያድራል። ቡናማ ቢሆንም ኖሮ አንበላውም ነበር፤ ከአጋሪከስ ወገንም ሆድ የሚያውክ አለና።

እማማ አሸነፉን። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በጋምቤላ የማጃንግ ሰዎች የዱር እንጉዳይ ለይተው ይበላሉ፤ በምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለውም በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተከበረ ምግብ ነው። እነዚህ ሰዎች እንጉዳይን በጅምላ አያውቁትም፤ የሚያውቁት ይህንን እንጉዳይ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ወቅት ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ በእጅ እየታየ የተላለፈ እውቀት ነው። እኛ የከተማ ልጆች ያለን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉን የሚከለክል ፍርሃት ወይም ሁሉን የሚያስሞክር ስልክ። ሁለቱም ማወቅ አይደሉም።

የእማማን ክልከላ ኋላቀርነት ማለት ይቀለናል። የሚለይ ሰው በሌለበት ሰፈር ግን «አትንኩ» ማለት ልጆችን ያተረፈ ሕግ ነው። ሕጉን የመሻር መብት ያለው መለየትን የተማረ ብቻ ነው፤ መለየት ደግሞ በአንድ ክረምትና በአንድ ፎቶ አይገኝም።

ስለዚህ እንጉዳይ ያማረው ከሚያመርቱት ይግዛ። የግቢውን ይየው፣ ይመርምረው፣ አይቅመሰው። በስህተት የዋጠ ሰው ካለም «እስኪያመው እንጠብቅ» አይባልም፤ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ወረቀታችንን ለእማማ አሳየናቸው። አገላብጠው አዩትና «እኔ መች ወረቀት ፈለግሁ?» አሉን። ምስር ወጡም ደርሶ ነበር።